ሒሳብ የሌለበት ዲፓርትመንት

ሰመራ ላይ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

በዚህ ሙቀት ስለ ሒሳብ ለመስማት ብሎ ላቡን እየጠረገ የሚቀመጥ ሰው ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አላስረዝምባችሁም።

አሥረኛ ክፍል አልቆ «ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?» የሚባልበት ሰሞን ሲደርስ፣ በሰመራም ሆነ በሎግያ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በአዲስ አበባ ከተማሪ አፍ የማይጠፋ ጥያቄ አለ። «ሒሳብ የሌለበት ዲፓርትመንት የቱ ነው?» ይባላል። ጠያቂው ሰነፍ ነው ብዬ አላምንም። ብዙውን ጊዜ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ላይ አንድ ነገር አምልጦት፣ ያመለጠውን መልሶ የሚያስይዘው ሰው አጥቶ፣ «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ የደመደመ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ሙያ ሲመርጥ የሚወደውን አይፈልግም፤ ከሚፈራው ይሸሻል።

አጭሩ መልስ እንዲህ ያለ ዲፓርትመንት የለም የሚል ነው። ሶሻል የገባ ተማሪም የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ላይ ሒሳብ ይፈተናል። ካለፈ በኋላም፣ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስ ይጠብቀዋል። ሶሲዮሎጂ ቢገባ ስታትስቲክስ አለ፤ ኢኮኖሚክስ ቢገባ ካልኩለስ አለ፤ አካውንቲንግን ማንሳትም አያስፈልግም። «ሕግስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሕግን የሒሳብ መሸሸጊያ አድርጎ የሚያይ ብዙ ነውና ከሕግ ልጀምር።

አንድ ሰው ሞተ እንበል። ሚስቱን፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ትቷል። ዕዳው ተከፍሎ፣ ኑዛዜው ተፈጽሞ 24 ግመል ተረፈ። በሸሪዓ ሟቹ ልጅ ካለው የሚስት ድርሻ ስምንተኛው ነው፤ የቀረውን ወንዱ ሁለት እጅ፣ ሴቷ አንድ እጅ ይወስዳሉ። ለሚስት 3 ግመል፤ 21 ይቀራል፤ 14 ለወንዱ፣ 7 ለሴቷ። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌ ወረቀት ሳያወጡ ይነግሯችኋል። አሁን ደግሞ ነገሩን እናክብደው። አንዲት ሴት ሞተች፤ የተወችው ባሏንና ሁለት እኅቶቿን ብቻ ነው። የባል ድርሻ ግማሽ፣ የሁለቱ እኅቶች ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው። ግማሽና ሁለት ሦስተኛ ሲደመሩ ግን ከአንድ ሙሉ ያልፋሉ፤ ሰባት ስድስተኛ ይሆናሉ። ከሟች ንብረት በላይ ድርሻ ተገኘ ማለት ነው! እንዲህ ያለው ጉዳይ በኸሊፋ ዑመር ዘመን ቀርቦ የተፈታበት መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ንብረቱ በስድስት መከፈሉ ቀርቶ በሰባት ይከፈላል፤ ባል ሦስት እጅ፣ እኅቶች አራት እጅ ይወስዳሉ፤ ጉድለቱም ለሁሉም በየድርሻው ይደርሳል። 42 ፍየል ካለ ባል 18፣ እያንዳንዷ እኅት 12 ታገኛለች።

የአልጀብራ አባት የሚባለው አል ኽዋሪዝሚ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ ግማሽ ያህሉ የውርስና የኑዛዜ ጥያቄ ነው። ይህን ብዙ የሒሳብ አስተማሪ አይናገረውም፤ ለምን እንደማይናገረው አይገባኝም። ክፍል ውስጥ ተማሪው «ኤክስ ምን ይሠራልኛል?» ሲል የሚሰጠው መልስ «ፈተና ላይ ይመጣል» ነው። ሕገ መንግሥታችን የሃይማኖት ፍርድ ቤቶችን ያውቃል፤ እዚህ ክልል ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። አንዱ ወራሽ ድርሻው ሳይደርሰው ቢሞትና የእሱም ወራሾች ቢመጡ፣ የክፍልፋይ ክፍልፋይ ማውጣት ግድ ይሆናል። ቃዲውም፣ ጠበቃውም፣ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ውሳኔውን የሚጽፈውም ሰው ክፍልፋይ ማባዛት ካልቻለ የአንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ግመል በስሕተት ለሌላ ሊነዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ እስካሁን ከስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ አልወጣሁም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሙያ የራሱን ሒሳብ ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሥራ የሚጠይቀው ደግሞ ትንሽ ሒሳብ ነው፤ ትንሹ ግን አጥንት ድረስ የታወቀ መሆን አለበት። ትንሹ ሒሳብ ሳይታወቅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማየት ከአዋሽ ወንዝ የተሻለ ምስክር የለም።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይተናል። ወንዙ ይዞት የሚመጣው ጨው ሁሉ እንግዲህ እዚሁ እኛ ዘንድ ይቀራል። የአዋሽ ውኃ ስንቀምሰው ጨው ጨው አይልም፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ቢኖር ምላስ ብዙም አይለየውም። እስኪ ለሒሳቡ ያህል ግማሽ ግራም ነው እንበል። አንድ ሄክታር የጥጥ ማሳ በዓመት አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ጠጣ እንበል፤ ይህ 10,000 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ጨው ይይዛል። አባዙት፤ 5,000 ኪሎ ይመጣል። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሄክታር ላይ 50 ኩንታል ጨው! ውኃውን ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ጨው አይተንም። በአሥር ዓመት 500 ኩንታል ነው።

በአዋሽ ዳር ባለችው በአሚባራ የሆነው ከዚህ ሒሳብ ጋር ይገናኛል። የመስኖ ውኃ በብዛት ተለቀቀ፤ የሚያስወጣው ማፋሰሻ በጊዜው አልተሠራም ወይም ተሠርቶ በሚገባ አልተያዘም። የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ አለ፤ ጨውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ጥጥ ይለቀምበት የነበረ ብዙ ማሳ ነጭ ለብሶ ተጣለ። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ጨው የሚችል ሰብል ፍለጋና አፈር እጥበት ላይ ሲደክሙ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ የተበላሸው ሒሳቡን የሚያውቅ ጠፍቶ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚያውቅ ነበር። ግን ማፋሰሻ ገንዘብ ይበላል፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ኃላፊ፣ ውኃውን የሚለቀው የቦይ ጠባቂና ማሳውን የሚያርሰው ገበሬ 50 ኩንታሏን በዓይነ ልቦናቸው ካላዩ የአግሮኖሚስቱ ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የማባዛቱ ሥራ ከአግሮኖሚስቱ ይልቅ አስተዳዳሪውን ይመለከታል ባይ ነኝ። አስተዳዳሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ሒሳብ የሌለበት ዲፓርትመንት» ብሎ የገባው ተማሪ ነው።

ከውኃው ወደ መሬቱ እንለፍ፤ መሬቱ አርፎ አልተቀመጠምና። ከዚህ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ስትነዱ የምታገኟት ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በቅርቡ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ ቤቱን ትቶ ወጣ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ሳይቀር ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ። ታኅሣሥ 26 የደረሰው 5.7 ገደማ ተለክቷል። በዚያ ሰሞን ሬዲዮ የሚሰማው፣ ቴሌግራም የሚያነበው ሁሉ ቁጥር ሲቀባበል ነበር። ትናንት 4.9፣ ዛሬ 5.2፣ ነገ ስንት? ብዙ ሰው 5 እና 6 እንደ አምስት ብርና ስድስት ብር ይመስለዋል።

ይህ መለኪያ ሎጋሪዝም ነው። አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር መሣሪያው ላይ የሚታየው የመሬት ንዝረት 10 እጥፍ ያድጋል፤ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ያህል ይሆናል። ከ4 ወደ 6 ብንሄድ ጉልበቱ 1,000 እጥፍ ነው። አሁን አንድ በጣም የሚያጽናና ወሬ እንመርምር። «ትንንሹ መንቀጥቀጥ መብዛቱ ጥሩ ነው፤ መሬቱ ጉልበቱን ቀስ በቀስ እያወጣ ነውና ትልቁ አይመጣም» ይባል ነበር። እስኪ አስሉት። የአንድ የ6 መንቀጥቀጥን ጉልበት በ4 ለመጨረስ 1,000 መንቀጥቀጥ ያስፈልጋል። መቶ ቢቆጠር እንኳ የአሥረኛውን እጅ ያህል ነው። ወሬውን ለማፍረስ የሥነ ምድር ምሁር መሆን አይጠይቅም፤ ሎጋሪዝም የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ነው፤ ተማሪው ናቹራል ወይስ ሶሻል ከማለቱ በፊት ይማረዋል። ያን ሰሞን ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ የፈለገው ማይክ የያዘው ጋዜጠኛ ነበር።

አፋር በዳጉ፣ በባህላዊው የወሬ መቀባበያው፣ ወሬ ሲቀበል እንዴት እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። አይተኸው ነው ወይስ ሰምተኸው? ከማን? መቼ? የት? አንድ ስታትስቲክስ አዋቂ መረጃ ሲቀርብለት ከዚህ የተለየ ጥያቄ አይጠይቅም። ልማዱ ስላለን ቁጥር ሲመጣም እንዲሁ እንጠይቅ እላለሁ፤ ቁጥር ሲጠራ ዝም የማለት በሽታ አለብን።

ሌሎቹን ሙያዎች በፍጥነት ልለፋቸው። እዚህ ከተማ ውስጥ ከጅቡቲ መንገድ ጋር ያልተያያዘ ኑሮ ጥቂት ነው፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ትራንዚተሩ፣ ጎሚስታው ሁሉ የሚኖረው በጭነት መኪና ነው። የመንገድ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አንድ ደንብ አለ፤ አሜሪካኖች በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. መኪና እያመላለሱ ፈትነው ያገኙት ነው። በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአራተኛ ኃይል ይጨምራል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ነው። «20 በመቶ ብቻ ነው የጨመርኩት» የሚል ባለንብረት አራት 1.2ዎችን እርስ በርስ ቢያባዛ ጉዳቱ ከእጥፍ እንደሚያልፍ ያየዋል። መንገዱ ሲቦረቦር የሚፈነዳው ጎማም የራሱ ነው። ዱብቲ ሆስፒታል ወይም የትኛውም ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ደግሞ ሌሊት ብቻዋን ሆና አንድ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት ማስገባት ሲኖርባት፣ ቱቦው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 20,000 ጠብታን ለ480 ደቂቃ ታካፍላለች፤ በደቂቃ 42 ጠብታ። ለሕፃን መድኃኒት ስታሰላ ነጥቧን አንድ ቤት ብታሳስት መጠኑ 10 እጥፍ ሊሆን ይችላል። እሷን «የሒሳብ ሰው» ብሎ የሚጠራት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የእኛ ልጅ ገበያ ላይ ሲሸጥ አንድ ብር አይሳሳትም፤ ክፍል ሲገባ ግን ይወድቃል፤ ይህ እንዴት ይሆናል?» ቢለኝ ትክክል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ኮኮናትና ፍራፍሬ የሚሸጡ ልጆችን ገዢ መስለው ቀረቡ። የአሥሩ ዋጋ ስንት ነው? ከዚህ ገንዘብ ስንት ትመልስልኛለህ? ልጆቹ ከመቶ ጥያቄ 98ቱን ያህል መለሱ። ያንኑ ስሌት በወረቀት አድርገው ሲሰጧቸው ግን ወደ 37 ወረዱ። ተጠኚዎቹ አምስት ልጆች ብቻ ነበሩና ከሚገባው በላይ አንሸከመው፤ ነገር ግን አዋሽ ሰባት ኪሎ መናኸሪያ ላይ ውኃና ሙዝ ይዞ አውቶቡስ ሥር የሚሮጠውን ልጅ ያየ ሰው አይገረምም። ከሬሲፌዎቹ አንዱ ልጅ የአሥሩን ዋጋ ሲጠየቅ የሦስቱን ደጋግሞ ደመረና አንዱን ጨመረበት። መምህሩ ያስተማረው ዜሮ መጨመር ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት አንድ ሰው ካገናኛቸው ነው፤ አገናኙም መምህር ነው።

ፈተናውማ የልጁን የገበያ ስሌት አያይም። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ። ይህ ቁጥር ስለ ኩረጃ መቅረት ብዙ ተብሎበታል፤ አልመለስበትም። እኔን የሚያሳስበኝ የቀረው 96.8 በመቶ ስለራሱ የደመደመው ነገር ነው። ሒሳብ ላይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ «ይህን ያህል ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ምርጫ ማጥቆር አልቻልኩም» አይልም፤ «ጭንቅላቴ ለሒሳብ አልተፈጠረም» ይላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሉሲ ሴልስ የምትባል የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የገቡ አዲስ ተማሪዎችን ትመረምር ነበር። ከወንዶቹ 57 በመቶ፣ ከሴቶቹ ግን 8 በመቶ ብቻ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የአራት ዓመት ሒሳብ ተምረው እንደመጡ አገኘች። ያልተማሩት ካልኩለስ መግባት አይችሉም፤ ካልኩለስ ያልወሰደ ደግሞ አብዛኛው የትምህርት ዘርፍ ተዘግቶበታል። ሴልስ ይህን ወሳኝ ማጥለያ አለችው። ሴቶቹ ሙያ የመረጡት 18 ዓመት ሲሞላቸው ይመስላቸው ነበር፤ በእውነት የተመረጠላቸው ግን 14 ዓመታቸው ላይ ነው፤ ያኔ የነገራቸው የለም።

የእኛ ማጥለያ ከዚያም ይቀድማል። ድርቅ ሲመጣ ቤተሰብ ከብቱን ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ልጅም ከትምህርት ይቀራል። ሴት ልጅ ከሆነች ውኃ መቅዳቱና ታናናሾችን መያዙ ይጨመርባታል። ታሪክ ላይ አንድ ምዕራፍ ያመለጣት ልጅ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንብባ ትረዳዋለች። ክፍልፋይ ያመለጣት ግን በመቶኛም፣ ንጽጽርም፣ አልጀብራም ተከታትለው ያመልጧታል። አምስተኛ ክፍል ላይ የቀረችባቸው አራት ሳምንታት አሥረኛ ክፍል ላይ «ሶሻል ነው የምወደው» የሚል ስም ይወጣላቸዋል። ሶሻልን የምትወድ ልጅ የለችም አላልኩም፤ አለች፤ ወዳ የገባችውና ተገፍታ የገባችው ግን ይለያያሉ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር፤ እንዲያው ሒሳብን ለማሻሻጥ የመጣሁ እንዳይመስል። ሁሉም ሰው ከፍተኛ ሒሳብ ያስፈልገዋል የሚለውን አልቀበልም። በ2000 ዓ.ም. 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚል ፖሊሲ ወጥቶ፣ ምህንድስናን የማይፈልግ ስንት ልጅ ምህንድስና ገባ! ጥሩ የአፋርኛ መምህር፣ ጥሩ የእንስሳት ነጋዴ፣ ጥሩ ዳኛ ኢንቴግራል ሳይፈታ ይኖራል። ሐኪምም ቢሆን ካልኩለስ ከሚያውቅ ይልቅ ይቺን ቢያውቅ ይሻላል። ከ1,000 ሰው 10 ሰው የያዘው በሽታ አለ እንበል። ምርመራው ከታመሙት 10 ሰዎች 9ኙን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ ደግሞ በመቶ አምስቱን በስሕተት «ታመሃል» ይላል። ከ990ዎቹ ጤነኞች 50 ያህሉ በስሕተት ተያዙ ማለት ነው። ምርመራው «አለብህ» ካላቸው 59 ሰዎች በእውነት የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሐኪም 50 ጤነኛ ሰው ያስደነግጣል፤ መድኃኒትም ያስውጣል።

ከፍተኛውን ሒሳብ በእውነት የሚጠይቁት ሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው የሥነ ምድር ጥናት ግን በዓለም ላይ ከኛ ደጅ የተሻለ ቦታ የለውም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ ቦታ ቦታው ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህ የተለካው በሳተላይት ራዳርና በጂ.ፒ.ኤስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከውጭ አገርም ብዙ ተመራማሪ መጥቷል። መንገድ መሪውና የግመል ባለቤቱ የዚህ አገር ሰው ነበር። መረጃውን ለማንበብ ካልኩለስ፣ ማትሪክስና ስታትስቲክስ ያስፈልጋል፤ አቋራጭ የለውም። እዚህ የተቀመጠች ልጅ ይህን ብትፈልግ ናቹራል ትግባ፤ ከመግባቷ በፊት ግን ያ የቀረችበት ክፍልፋይ ይመለስላት።

የሚመለሰውም እንዲህ ነው። ክረምት ላይ የስድስተኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ለ17 ዓመት ልጅ የሚያሳፍር ይመስላል፤ በእውነት ግን ያኔ ዓመት የፈጀው ትምህርት አሁን ጥቂት ሳምንት ነው የሚፈጀው፤ ጭንቅላት አድጓልና። መጽሐፉን መግዛት አያስፈልግም፤ ከታናሽ ወንድም ወይም ከታናሽ እኅት ይዋሱታል። እነሱም ቢስቁ ይሳቁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።